ድምፅ መጥቶ ያባረራቸው ተዋናይት

በዚያ ዘመን አፌን ከፍቼ መናገር የምፈራ ሰው ነበርኩ። ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ «አንቺ ደግሞ መቼ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። አውቃለሁ። ሱፐርማርኬት ገብቼ የምፈልገውን ሥጋ በጣቴ እያሳየሁ የገዛሁበት፣ ስልክ ሲጮህ ሌላ ሰው እንዲያነሳው ብዬ መታጠቢያ ቤት የገባሁበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ዝምታ ያወጣኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሲኒማ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ትርሲት እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። እንጀራዬ ድምፄ ነበር። ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው «ድምፅሽን ለመስማት ነው» ብለው የሚደውሉ ነበሩ፤ እኔም ቆጣ ብዬ መስመሩን እዘጋባቸውና ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። በሱዳን በኩል አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዳንኤል ተቀብሎ ከአፓርታማው አንዱን ክፍል ሰጠኝ። ዳንኤል ደግ ሰው ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ቤት ውስጥ ዳንኤል ነው፤ ስልክ ሲያነሳ ግን ድምፁ በአፍንጫው ይወጣና «ዳን» ይሆናል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሌላ ሰው ቤት የገባ መስሎኝ ደነገጥኩ።

እንግሊዝኛዬ መጥፎ አልነበረም። ከዚያ ብዙ በማይርቅ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ስልክ ቤት ቀጠረኝና ደስታዬ ልክ አጣ። ብዙም ሳልቆይ ግን አለቃዬ ቢሮዋ ጠርታ ወንበር ሰጠችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። እንግዶች ቅሬታ እንዳቀረቡ፣ አንዱም «አሜሪካዊ አገናኙኝ» እንዳለ እያፈረች ነገረችኝ። «ድምፅሽ ቆንጆ ነው፤ ችግሩ አክሰንትሽ፣ ቃል አወጣጥሽ ነው» አለች። በማግስቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርጄ አንሶላ አጣፊ ሆንኩ። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ስልኩን የወሰዱብኝ እነሱ ናቸው፤ ድምፄን ግን ቀስ በቀስ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ከሥራ ውጭም መናገር ተውኩ። ባንክ፣ ሐኪም ቤት፣ የቤት ኪራይ ቢሮ፣ ሁሉንም ዳንኤል ይነጋገርልኝ ጀመር።

ሆቴሉን ለቅቄ እዚያው አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት መንከባከብ የጀመርኩት በዚህ ሁኔታ ነው። ሥራውን ያገኘችልኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ነበረች። «ብዙ ማውራት የለበትም፤ ሴትዮዋም ዝምተኛ ናቸው» ስትለኝ ወዲያው እሺ አልኩ።

ሚስስ ኢሌና ይባላሉ። ትውልዳቸው ሩማንያ ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ከወንዙ ብዙም በማይርቅ፣ ፊቱ ቀይ ጡብ በሆነ ጠባብ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ። አንድ ነገራቸው ግን ግራ አጋባኝ፤ ቴሌቪዥን ሲያዩ ድምፁን ጨርሰው ያጠፉታል። መጀመሪያ ጆሯቸው የደከመ መሰለኝ። በኋላ ግን ማድ ቤት ሆኜ ብርቱካን ስልጥ ከሳሎን ሆነው «ለእኔም አምጪልኝ» ሲሉ ጆሯቸው ከእኔ የተሻለ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ቀን ደግ የሠራሁ መስሎኝ ድምፁን ከፍ ባደርገው እጃቸውን አነሱ።

«አጥፊው። ፊታቸው ይበቃኛል።»

አጠፋሁት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ትቼ ነበራ። እሳቸው ግን ያን ቀን ጀመሩልኝና እየቆራረጡ በብዙ ቀን ነገሩኝ።

ሚስስ ኢሌና በወጣትነታቸው የሲኒማ ተዋናይት ነበሩ። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ጊዜ ማለት ነው። አሜሪካ የገቡት ከአንድ የጭፈራ ቡድን ጋር ሲሆን እንግሊዝኛ አንድም ቃል አይችሉም ነበር፤ ግን ማንም «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። የተፈለገው ፊታቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ፊልሙ እየተነሳ በትልቅ ጡሩንባ እየጮኸ «አሁን ፍሪ! አሁን ዙሪ!» ይላቸዋል። ለልቅሶ ትዕይንት ከካሜራው ጎን ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ይቆምላቸዋል። አብሯቸው የሚሠራው ወንድ ስዊድናዊ ነበር፤ እሱ በስዊድንኛ ፍቅሩን ሲነግራቸው እሳቸው በሩማንያኛ ጫማቸው እንደጠበባቸው ይነግሩታል፤ ተመልካቹ ግን ያለቅሳል። ፊልሙም በየመሃሉ የሚነበበው ጽሑፍ ብቻ እየተቀየረ ከአገር አገር ይዞር ነበር። «የየትም አገር ሰው ‹የእኔ ናት› ይለኝ ነበር» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ድምፅ መጣ። እንደሚያወሩት ከሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት ተገለበጠ። ካሜራው ስለሚንጫጫ ማይክሮፎኑ እንዳይሰማው ብለው ከነሠራተኛው ሣጥን ውስጥ ዘጉበት፤ ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ነበር የሚወጣው። እንደ ልብ ሲሮጥ የነበረ ካሜራ ባለበት ደርቆ ቀረ። ማይክሮፎኑን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይደብቁታል፤ ተዋናዮቹም ከአበባው ዘወር ማለት ስለማይችሉ ፍቅራቸውን የሚነግሩት ለአበባ ነበር። ዳይሬክተሩ መጮህ ተከለከለ። የሚስስ ኢሌና ባል በአንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲታይ ከሚያጅቡት ሙዚቀኞች አንዱ ነበሩ፤ ፊልሙ ሙዚቃውን ራሱ ይዞ ሲመጣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ተሰናበቱ። እሳቸው ቫዮሊናቸውን ሰቅለው ጫማ ሻጭ ሆኑ።

ሚስስ ኢሌናን ደግሞ ለድምፅ ፈተና ጠሯቸው። አንድ ገጽ አጥንተው ገቡ፤ ተናገሩ። ድምፅ ቀጂው ከክፍሉ ወጣና እሳቸውን ሳያይ ለዳይሬክተሩ «ድምፁ ከፊቱ ጋር አይሄድም» አለው። ይሁንና ግማሹ ድምፅ አልባ ሆኖ የተነሳ አንድ ፊልም በእጃቸው ነበረና የቀረውን ግማሽ በድምፅ እንዲጨርሱ ተደረገ። እንዴት መሰላችሁ? እሳቸው ካሜራው ፊት ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ መጋረጃ ጀርባ የቆመች አሜሪካዊት ልጅ ትናገርላቸዋለች። ያ የመጨረሻ ፊልማቸው ሆነ። ሲኒማ ቤት ሄደውም አላዩትም።

ይህን ሲጨርሱልኝ ድስቱን እያማሰልኩ ነበር። ሆቴሉን፣ አንሶላውን፣ ያችን ደግ አለቃዬን አስታወስኩ። የእኔንም ልነግራቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

በዚያው ዓመት መጸው፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ሚስተር ሃርላን የሚባል ሰው መጣ። የድሮ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አለው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም ያሳያሉ። የሚስስ ኢሌናን የመጨረሻ ፊልም የሆነ መጋዘን ውስጥ አግኝተውታል። ሊያሳዩት ነው፤ የክብር እንግዳዋ እሳቸው ናቸው። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ አበባ ይዞ ነው የመጣው። ሻይ ሳቀርብ ንግግሩ ወደ ዝግጅቱ ዞረ። ሚስስ ኢሌና ከፊልሙ በኋላ ተነስተው እጃቸውን ለሕዝቡ ያውለበልባሉ፤ ጥያቄ ካለ እሱ ይመልሳል። መልእክታቸውን ደግሞ አንዲት የቴአትር ተማሪ በማይክሮፎን ታነብላቸዋለች። «አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ሰው እንዳይቸገር ብለን ነው» አለ።

እሳቸው ሻያቸውን ፉት አሉ። ተቆጥተው ያስወጡታል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እሺ» ብቻ አሉት። በውስጤ በጣም ተናደድኩ፤ ዛሬ ሳስበው የተናደድኩት በእሳቸው ሳይሆን በራሴ ነው። እኔም ስንት ጊዜ እንዲያው «እሺ» ብዬ ነበር!

በዚያው ሳምንት እኔም አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ይፈልግ ነበር። ያችው የቤተ ክርስቲያን እህት አፕሊኬሽን ሞልታ አስገባችልኝ፤ ለሰኞ ለኢንተርቪው ጠሩኝ። ዳንኤል ሲሰማ አልወደደውም። «ለምን ሁለተኛ ትዋረጃለሽ? ሴትዮዋ ጋ ደህና ተቀምጠሻል። ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ ኮል አድርጌ ካንስል አደርግልሻለሁ» አለኝ። ለእኔ ብሎ ነው፤ ስቃጠል አይቷል። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳንኤል መኪናውን ይዞ መጣና ከአሌክሳንድሪያ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ጉዞ ጀመርን። ሚስስ ኢሌና ጥቁር ከፋይ ቀሚስ ለብሰው ደማቅ ቀይ ሊፒስቲክ ተቀብተው ነበር። ዳንኤል በዚያ በአፍንጫው ድምፅ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ሲያወራላቸው ቆየ። እሳቸውም ካዳመጡት በኋላ «ጥሩ ተምረሃል። እኔም ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም» አሉት። ሙገሳ መስሎት አመሰገናቸው።

አዳራሹ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ ቀለሙ የተላላጠ ቤት ነው። የቆየ የፈንዲሻ ሽታ አለው። ሰው ከጠበቅሁት በላይ መጥቷል፤ ሽማግሌዎች፣ ከኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን የያዙ ወላጆች። መድረኩ ላይ በግራ በኩል ፒያኖ፣ በቀኝ በኩል ለተማሪዋ የተዘጋጀ ማይክሮፎን ቆሟል። እኛን ከፊት አስቀመጡን። ሚስተር ሃርላን ንግግር አደረገ፣ መብራት ጠፋ፣ ፒያኖው ጀመረ።

ያን ፊት እስካሁን አልረሳውም። ግድግዳ የሚያክል የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ፊት! አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት መሆናቸውን ለማመን ዞር እያልኩ አያቸው ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ድሃ የቤት ሠራተኛ ናት፤ የጌቶቿ ልጅ ይወዳታል፤ ቤተሰቡ ሊለያያቸው ሰርቃለች ብሎ ይከሳታል። አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉም ገባን። የልጁ እናት ስታመናጭቃት ልጅቷ ዓይኗን ሰብራ ስታበቃ ቀስ ብላ ቀና የምትልበት ቦታ ላይ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

በመሃል ፒያኖው ዝም አለ። ድምፅ ማጉያው ተንኳኳና ያችው ልጅ አፏን ከፍታ ተናገረች። የወጣው ድምፅ ቀጭን፣ የተሞላቀቀ፣ ሻይ ግብዣ ላይ ያለች የሀብታም ልጅ ድምፅ ነበር። ያ ግድግዳ ያህል የነበረ ፊት ዓይናችን እያየ አነሰ። ካሜራው መንቀሳቀስ አቆመ። ሁሉም ሰው ጠረጴዛ ላይ ባለ አበባ ዙሪያ ተኮልኩሎ ቆመ። ከኋላችን አንዳንዶች ሳቁ።

የሚስስ ኢሌና እጅ እጄን ጨመቀው። ከንፈራቸው ከፊልሙ ጋር እየተንቀሳቀሰ ነበር።

«ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ እንጀራዋ ነው» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው። ቀጥለውም «የፍርድ ቤቱ ትዕይንት ገና አልደረሰም። ላይ ውጪና ድምፁን እንዲያጠፋው ንገሪው» አሉኝ።

የሰማሁት ነገር አልገባኝም። «ማን? እኔ?»

«እኔ ደረጃ አልወጣም።»

«ዳንኤል ይሂድ። እሱ ደህና አድርጎ ይናገራል።»

«የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

ብድግ አልኩ። ዳንኤል ምን ሊሆን እንደሆነ ገብቶት እጅጌዬን ያዘ። በአማርኛ፣ በጥርሱ መሃል፣ «ትርሲት ተቀመጪ፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪን» አለኝ። እጄን አላቀቅኩ። የሄድኩት ያንን ድምፅ ከዚያ ፊት ላይ እየሰማሁ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው እንጂ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። በጨለማው መተላለፊያ ወደ ኋላ ሄጄ ጠባቡን ደረጃ ወጣሁ።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሸምገል ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ከፊልም ማሳያው ጎን ቆሟል። የመጣሁበትን ነገርኩት። ከሚስተር ሃርላን ትእዛዝ ውጭ ምንም እንደማይነካ በትሕትና መለሰልኝ። ወዲያው ሚስተር ሃርላን ራሱ እያለከለከ ከኋላዬ ደረሰ፤ ስወጣ አይቶኛል። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ሚስስ ኢሌና ድምፁ እንዲጠፋ እንደሚፈልጉ ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«አዝናለሁ፤ የምትይው አይገባኝም።»

ያቺን ቃል ሆቴሉ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ስሰማት ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ መመለስ። ያን ቀን አልተመለስኩም። ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩለት፤ አልጮህኩም፣ አላፈጠንኩም፣ እንደ ዳንኤልም በአፍንጫዬ ለመናገር አልሞከርኩም።

«አልገባኝም» አለኝ አሁንም፤ ፊቱ ግን በቁጣ ቀልቷል።

«ገብቶሃል» አልኩት። «ባይገባህ ኖሮ አትቆጣም ነበር። ፊቱ የእሳቸው ነው፤ ድምፁ የእሳቸው አይደለም። አጥፋው።»

ማሽኑ ብቻ ይሽከረከራል። ከዚያ ሽማግሌው «ለእኔ ገብቶኛል» አለና እጁን ዘርግቶ ድምፁን አጠፋው። ሚስተር ሃርላን ሁለተኛ እዚህ እንደማይሠራ ሲነግረው ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ፊልሙ ዞረ።

በትንሿ መስኮት ወደ ታች ተመለከትኩ። ማመን አቃተኝ። ሚስስ ኢሌና መድረኩ ላይ ናቸው። ክንዳቸውን ይዞ የሚያወጣቸው ማን መሰላችሁ? ዳንኤል! በኋላ ሲነግረኝ፣ «ተነስና ክንድህን ስጠኝ» ሲሉት እምቢ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ማይክሮፎኑ ጋ ደርሰው ከዘራቸውን ለእሱ ሰጡ። ከበላያቸው ወጣቷ ኢሌና የተከሳሾች ሣጥን ውስጥ ቆማ አፏን ትከፍታለች፤ አሮጊቷ ቀና ብለው ከንፈሯን አዩና ጀመሩ።

ድምፃቸው ወፍራም ነበር፤ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ። «ር»ን እንደ ከበሮ ነው የሚያንከባልሏት። እንግሊዝኛው የሩማንያ ልብስ ለብሶ ወጣ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ የሳቁ ነበሩ። ከኋላ አንድ ወንድ «የሚሉት አይሰማም! አይገባንም!» ብሎ ጮኸ። እዚያው ጥለውት የሚወርዱ መሰለኝ።

እሳቸው ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳያነሱ በማይክሮፎኑ «እንግዲያው ጠጋ በሉ» አሉ።

አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተነስታ ከፊት ረድፍ መጥታ ተቀመጠች። ሁለት ተማሪዎች ተከተሏት። ሌሎችም። አንዳንዱ ደግሞ ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ ያ የጮኸው ሰውም ወጣ። ሚስስ ኢሌና አልተጠባበቁም። ዳኛው ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። እንኳን የራሳቸውን፣ የዳኛውንም ቃል ያውቁት ነበርና እሱንም ራሳቸው ይሉት ነበር። ያኔ ከንፈራቸው ከልጅቷ ድምፅ ጋር እንዲገጥም ሌት ተቀን አስጠንተዋቸው የለ? ልጅቷ ለምን ሰረቅሽ ስትባል ጣቷን ወደ ጌቶቿ ትቀስራለች። እሳቸው እንዲህ አሉላት፦

«እኔ ከዚህ ቤት የወሰድኩት ነገር የለም። የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ያ ፊት ተመልሶ ግድግዳውን ሞላው። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩና መተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

መብራት ሲበራ የቀረው ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሁሉም አልነበረም፤ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠም ነበር። ያች የቴአትር ተማሪ የያዘችውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ሚስተር ሃርላን መጥቶ ታሪካዊ ፊልም እንዳበላሹ ነገራቸው። ሚስስ ኢሌና ከዘራቸውን ከዳንኤል ተቀበሉ።

«የተበላሸው ያኔ ነው» አሉት። «ዛሬ አስተካከልኩት።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሚስስ ኢሌና ደክመው አንገታቸውን ደገፍ አድርገው ነበር። ቤታቸው ደርሰን ደረጃውን ደግፈን ስናወጣቸው ዳንኤልን አዩት፤ ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቁት። ጠዋት «ዳን» ብሎ ነግሯቸው ነበር። አሁን ግን ትንሽ አሰበና «ዳንኤል» አላቸው፤ እናቱ እንደምትጠራው አድርጎ፣ «ኤል»ን ሳብ አድርጎ። ራሳቸውን ነቀነቁለት። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ «ሰኞ እንዳትደውልልኝ» አልኩት። አልደወለም።

ሰኞ ሆስፒታሉ ሄድኩ። የጠየቀችኝ ሴት ጥሩ ሴት ነበረች፤ ልምዴን ወደደችው። በመጨረሻ ግን ያ የማውቀው ፊት መጣባት፤ ስልክ ላይ ሰዎች ሊቸገሩ ይችላሉ ብላ ጀመረች። ካነጋገርኩሽ ውስጥ የትኛው ቃል አልገባሽም ብዬ ጠየቅኋት። አሰበች። ሁሉም እንደገባት ነገረችኝ። «እንግዲያው ለሚደውሉትም ይገባቸዋል» አልኳት። አልቀጠሩኝም። አንባቢዎቼ፣ በዚያው ቀን ተቀጠርኩ ብላችሁ እንድታስቡ አልፈልግም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሜ ግን ሳላለቅስ ራሴን አገኘሁት፤ እንዲያውም ተርቤ ነበር። ከዚያ ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ እዚያም አልሆነም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሌላ ሆስፒታል ወሰደኝና ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስልኩ ላይ ሠራሁ። «አሜሪካዊ አገናኚኝ» ያሉኝ ነበሩ። «የተገናኙት ከእኔ ጋር ነው፤ ማንን ልፈልግልዎ?» እላቸዋለሁ። እናቱ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታበት ቋንቋው የተሰባበረበት ሰው ደግሞ ሌላ ሰው አገናኚኝ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩን ብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ። ሲኒማ ድምፅ ማግኘቱ ክፉ ነገር አልነበረም። እኔ ራሴ ፊልም ያለ ድምፅ አላይም። ግን ያ መሣሪያ የማንንም ድምፅ ከማንም አያበላልጥም ነበር፤ የሚስስ ኢሌናንም የዚያችንም ልጅ እኩል ነው የሚቀዳው። ይሄ ይሰማ፣ ያ አይሰማ ብለው የመረጡት ሰዎች ናቸው። ሰው የመረጠውን ደግሞ ሰው እምቢ ሊለው ይችላል። እናንተ ልጆቻችሁ ፊት በእንግሊዝኛ መናገር የምታፍሩ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር የምትቀመጡ፣ ስልክ ሲጮህ ለልጃችሁ የምታቀብሉ፣ አውቃችኋለሁ፤ አንዷ ነበርኩ። ሰው አልገባኝም ሲላችሁ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አንዳንዱ መስማት የማይፈልግ ነው።

ሚስስ ኢሌና ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በሦስተኛው ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ጥቂት ሰው ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው፣ ዳንኤልና እኔ፣ ከሩቅ የመጣ አንድ የባላቸው የወንድም ልጅ። ካህኑ ስለ ሟቿ የሚናገር ካለ ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። እኔ ወጣሁ። ማን እንደነበሩ፣ በዚያ አዳራሽ ምን እንዳደረጉ ተናገርኩ፤ በዚሁ ድምፄ፣ በዚሁ አነጋገሬ። ስጨርስ የባላቸው ወንድም ልጅ ጠጋ ብሎ፣ ስለ አክስቱ ይህን ሁሉ እንደማያውቅና መሃል ላይ ያልኩት እንዳመለጠው ነገረኝ። ሌሎቹ ወደ መኪናቸው መሄድ ጀምረው ነበር። ዳንኤል በእጁ እንሂድ አለኝ።

ቆይ አልኩት፤ ለሰውዬው ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩለት።